ቆላ በሣጥን ውስጥ፤ ስለ ዔሊ ቤት ሙቀት አጠባበቅ

ሕይወት ያለው ፍጥረት ሁሉ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን ሙቀቱን የሚያገኝበት መንገድ አንድ ዐይነት አይደለም። ሰው፣ ላም፣ ዶሮና እርግብ የበሉትን ምግብ በሰውነታቸው ውስጥ እያቃጠሉ የራሳቸውን ሙቀት ያበጃሉ። ስለዚህ ጤነኛ ሰው በደብረ ብርሃን ብርድም ይሁን በአፋር በረሓ የሰውነቱ ሙቀት ከ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እምብዛም አይርቅም። ዔሊ፣ እንሽላሊት፣ እባብና አዞ የሚገኙበት የተሳቢ እንስሳት ወገን ግን እንዲህ ያለ የማያቋርጥ ምድጃ በውስጡ የለውም። ሙቀቱን ከውጭ፣ ይኸውም ከፀሐይ፣ ከድንጋይና ከአየር ይበደራል። ብድሩ ሲቀርበት ኑሮው ሁሉ ይቆማል።

በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን የተፈጥሮ ሳይንስ ክበብ አንድ ዔሊ ሲጠበቅ መቆየቱን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በላቦራቶሪው ማዕዘን መብራት የበራበትን የጣውላ ሣጥን ያዩ ወላጆችም «ጫጩት ልታስፈለፍሉ ነው ወይ?» እያሉ ጠይቀውናል። እኔም ሣጥኑን ከሠሩት ተማሪዎች አንዱ ስለ ሆንሁ፣ ሥራው እንዴት እንደ ሆነና ለምን እንደዚያ መሆን እንደ ነበረበት በዚህ መጽሔት ለአንባብያን ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታየኝ። የጽሑፉ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ ለተሳቢ እንስሳ የሚሰጠው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ሙቀትን የመምረጥ ዕድል ነው።

1ኛ/ እንስሳው ሙቀቱን እንዴት ያስተካክላል?

በየግቢያችን የድንጋይ አጥር ላይ ጧት ጧት የሚወጣውን እንሽላሊት ተመልከቱ። ገና ፀሐይ ስትወጣ ደረቱን በድንጋዩ ላይ ለጥፎ፣ ጎኑን ወደ ፀሐይ አዙሮ ይሞቃል። ቀትር ሲሆን ወደ ስንጥቁ ጥላ ይገባል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ እንደ ገና ይወጣል። በጫሞ ሐይቅ ዳር የተኙትን አዞዎች ያየ ሰውም ከዚህ የሚመሳሰል ነገር ያያል፤ ለመሞቅ ወደ አሸዋው ይወጣሉ፣ ሙቀቱ ሲበዛባቸው አፋቸውን ከፍተው ይተኛሉ ወይም ወደ ውሃው ይመለሳሉ።

ቀድሞ ብዙ ሊቃውንት እነዚህ እንስሳት አካባቢያቸው ሲሞቅ የሚሞቁ፣ ሲበርድ የሚበርዱ፣ ከዚያ ሌላ አንዳች ማድረግ የማይችሉ አድርገው ይገምቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 ግን ሬይመንድ ካውልስና ቻርልስ ቦገርት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የበረሓ ተሳቢ እንስሳትን ሙቀት ለክተው ያገኙትን አሳተሙ። እንስሳቱ ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ እየተመላለሱ የሰውነታቸውን ሙቀት በሚሠሩበት ሰዓት ከተወሰነ መጠን ሳይርቅ እንደሚጠብቁት አስረዱ። እንግዲህ እኛ በውስጣችን የምናደርገውን እነርሱ በእግራቸው ያደርጉታል ማለት ነው።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። አንድን ዔሊ ዙሪያውን እኩል በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ ብንዘጋው፣ የሙቀቱ መጠን የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢመረጥ፣ እግሩን የከለከልነው ያህል ነው። ሲበርደው የሚሄድበት፣ ሲሞቀው የሚሸሽበት ሥፍራ የለውም።

2ኛ/ ደጋው ለቆላ እንስሳ ለምን ይከብዳል?

ዔሊያችን በቢጫው ልባሱ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ያለበት፣ ስለ ነጠብጣቡም በብዙ አገር ስሙ ከነብር ጋራ ተያይዞ የሚጠራው የየብስ ዔሊ ነው። ይህ ወገን በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ሣራማና ቁጥቋጧማ ምድር የሚኖር ሲሆን በአገራችንም በቆላው ይገኛል። ይህኛው ከአዋሽ በኩል በአንድ መንገደኛ ተይዞ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ነው።

በጂኦግራፊ ትምህርታችን እንደ ተማርነው፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። የአዋሽ ከተማ ከፍታ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ሲሆን አዲስ አበባ ግን ወደ 2,400 ሜትር ይጠጋል። ልዩነቱ 1,400 ሜትር ስለ ሆነ እንስሳው በአንድ ቀን ጉዞ 9 ዲግሪ ያህል ወደሚበርድ አገር ተዛወረ ማለት ነው። ይልቁንም በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ በሚጠራበት ወራት የአዲስ አበባ ሌሊት ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል።

በአውሮፓ የሚኖሩ አንዳንድ ዔሊዎች ክረምቱን በእንቅልፍ ያሳልፋሉ። የእኛው የቆላ ዔሊ ግን የክረምት እንቅልፍ የሚተኛ ወገን አይደለም። ብርዱም ወዲያውኑ አይገድለውም፤ ጉዳቱ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። መጀመሪያ መራመድ ይተዋል፣ ቀጥሎ መብላት ይተዋል። አስቀድሞ የበላውም ሣር ሙቀት ካልተገኘ በሆዱ ውስጥ ሳይፈጭ ይቆያል። በሽታን የመከላከል ኀይሉም ስለሚደክም አፍንጫው መዝረክረክ፣ ትንፋሹም መከበድ ይጀምራል። ዔሊው በጥቅምት መጨረሻ ወደ እኛ ሲመጣ ከካርቶን ውስጥ ነበረ፤ ዐይኑን በግማሽ ከድኖ ራሱን አላወጣም፤ ጎመን ስናቀርብለት አላሸተተም። በማግሥቱ ጧት በካርቶኑ ወለል ላይ ያስቀመጥነው መለኪያ 13 ዲግሪ አሳየ። አስተማሪያችንም «ይህ እንስሳ የተራበው ምግብ ሳይሆን ሙቀት ነው» አሉን። ሥራው የተጀመረው በዚያው ቀን ነው።

3ኛ/ ስለ ሣጥኑ

ሣጥኑ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 50 ሳንቲሜትር ነው። ርዝመቱ ከወርዱ እጥፍ እንዲሆን ያደረግነው ለመልክ አይደለም፤ አንደኛው ጫፍ ሲሞቅ ሌላው ቀዝቀዝ ብሎ እንዲቆይ ርቀት ስለሚያስፈልግ ነው። በእኛ አገር አነጋገር አንደኛው ጫፍ ቆላ፣ መካከሉ ወይና ደጋ፣ ሌላው ጫፍ ደጋ ይሆናል። እንስሳው ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚወስደው መንገድ አንድ ሜትር ብቻ ነው።

ምን ያህል ማሞቂያ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ከመግዛታችን በፊት አሰላን። ከሣጥን የሚወጣው ሙቀት ሦስት ነገሮችን ይከተላል፤ የግድግዳውን ስፋት፣ የግድግዳውን ሙቀት አሳላፊነት፣ በውስጥና በውጭ መካከል ያለውንም የሙቀት ልዩነት። የሣጥናችን ስድስት ገጽ ሲደመር 3.24 ካሬ ሜትር ይሆናል። 2 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትርና በእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 2.5 ዋት ያህል ያሳልፋል። ክፍሉ ሊነጋጋ ሲል 11 ዲግሪ ቢሆንና ሣጥኑን 21 ላይ ማቆየት ብንፈልግ ልዩነቱ 10 ዲግሪ ነው። ስለዚህ 3.24 በ2.5፣ ከዚያም በ10 ሲባዛ 81 ዋት ይመጣል።

በዚህ ጊዜ ለቴሌቪዥንና ለማቀዝቀዣ ማሸጊያ የሚሆነውን ነጩን ቀላል ፎም ከየቤቱ ሰበሰብን። 2 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለውን በጣውላው ላይ ከውጭ በኩል ስንለጥፈው በካሬ ሜትር የሚያመልጠው ወደ 1 ዋት ገደማ ይወርዳል፤ ጠቅላላውም ከ81 ወደ 32 ዋት ይቀንሳል። የሚጣል ዕቃ የኤሌክትሪኩን ወጪ ከግማሽ በላይ አዳነ ማለት ነው። ከውጭ የለጠፍነው እንስሳው እንዳይነክሰውና ለማሞቂያውም እንዳይቀርብ ነው። ይሁን እንጂ ሣጥኑ ፈጽሞ መታፈን የለበትም። በአንደኛው ጫፍ ዝቅ አድርገን፣ በሌላው ጫፍ ከፍ አድርገን የአየር መግቢያና መውጫ ቀዳዳ በስተን በሽቦ ወንፊት ሸፍነነዋል። በዚህ የሚወጣው ሙቀት ከሒሳቡ በላይ ስለ ሆነ 60 ዋት ማሞቂያ መረጥን።

4ኛ/ ስለ ማሞቂያዎቹ

ለቀን የተጠቀምንበት ክሩ የሚግለው የቀድሞው ዐይነት አምፖል ነው። ይህ አምፖል ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ከመቶ ዘጠናው በላይ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ለቤት መብራት አባካኝ ነው ተብሎ ተነቅፏል። ለዔሊ ግን ጥፋቱ ልማት ሆነለት። ዛሬ በየቤታችን የሚሰቀሉት ቆጣቢ አምፖሎች ብርሃን እንጂ በቂ ሙቀት ስለማይሰጡ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

አምፖሉን በቆላው ጫፍ ከላይ ሰቀልነው። ከአንድ ነጥብ የሚፈነጥቅ ሙቀት ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኀይሉ ወደ አራተኛ እጅ እንደሚወርድ በፊዚክስ ተምረናል። ስለዚህ የጥቂት ሳንቲሜትር ልዩነት ብዙ ነው። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው፣ ዔሊ እንደ ጉብታ ስለ ሆነ ጀርባው ከወለሉ ይልቅ ለአምፖሉ ይቀርባል። በወለሉ ላይ 35 ዲግሪ ያለው ሥፍራ በጀርባው ላይ ከዚያ በጣም ሊበልጥና ልባሱን ሊያቃጥል ይችላል። እኛ በዔሊው ቁመት ልክ ድንጋይ አስቀምጠን፣ በድንጋዩ ዐናት ላይ 35 ዲግሪ እስኪገኝ ድረስ አምፖሉን ከፍና ዝቅ አድርገን ወሰንን።

የሌሊቱ ማሞቂያ ብርሃን የማይሰጥ የሸክላ ማሞቂያ ነው፤ እንስሳው ጨለማም ያስፈልገዋልና። የቀኑ አምፖል ግን በሰዓት መቈጣጠሪያ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ማታው 1 ሰዓት ይበራል። አገራችን ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ቀኑ ዓመቱን በሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም፤ ዔሊውም የለመደው ይህንኑ ነው።

ማሞቂያውን ከሥር ለምን አላደረጋችሁትም የሚለን ሰው አለ። ዔሊ በተፈጥሮው ሙቀትን ከላይ፣ ከፀሐይ መቀበል የለመደ ስለ ሆነ፣ ከሥሩ ሲቃጠል ቶሎ አይሸሽም፤ የሆዱም ልባስ ይጎዳል። እንዲሁም አምፖል ፀሐይን ሙሉ በሙሉ እንደማይተካ መታወቅ አለበት። እንስሳው አጥንቱንና ልባሱን የሚያጠነክርበትን ቪታሚን ዲ የሚያበጀው ለዐይን በማይታየው የፀሐይ ጨረር ነው፤ ይህም ጨረር በተራ መስታወት ውስጥ አያልፍም። ስለዚህ ሰማዩ በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ጥላ ባለው አጥር ውስጥ በሣሩ ላይ እናወጣው ነበር።

5ኛ/ ሙቀቱን ስለሚቈጣጠረው መሣሪያ

ሌሊት ሁሉ ተቀምጦ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋ ሰው ስለማይገኝ፣ ሥራው ቴርሞስታት ለሚባለው መሣሪያ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1830 አንድሩ ዩር የተባለ የስኮትላንድ ኬሚስት ለዚህ ሥራ የባለቤትነት መብት ያገኘበት ዘዴ እጅግ ቀላል ነው። የሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች ስስ ቁራጮች ጀርባ ለጀርባ ይያያዛሉ። ለምሳሌ ያህል ነሐስና ዐረብ ብረት ቢጣመሩ፣ በአንድ ዲግሪ ሙቀት ነሐሱ ከርዝመቱ በሚሊዮን 19 እጅ ያህል ሲረዝም ዐረብ ብረቱ 12 እጅ ያህል ብቻ ይረዝማል። ሁለቱ ስለማይለያዩ ቁራጩ ይጎብጣል። ሲጎብጥ የኤሌክትሪኩን መገናኛ ይለያይና ማሞቂያው ይጠፋል። ሲበርድ ይቃናና እንደ ገና ያገናኛል። እኛ የተጠቀምንበት በብረት ፈንታ ትንሽ ኤሌክትሮኒክ ጠቋሚ ያለው ነው፤ የሥራው ሐሳብ ግን አንድ ነው።

መሣሪያውን 20 ዲግሪ ሲደርስ እንዲያበራ፣ 22 ሲደርስ እንዲያጠፋ አዘጋጀነው። በሁለቱ መካከል ክፍተት ካልተደረገ በየደቂቃው እየበራና እየጠፋ መገናኛው ቶሎ ያልቃል። ሁለት ዲግሪ ደግሞ እንስሳውን አይጎዳውም፤ በዱር ያለው ሌሊትም ከዚያ ይበልጥ ይለዋወጣል።

ጠቋሚው የሚቀመጥበት ሥፍራ ከመሣሪያው ዋጋ ይበልጣል። በማሞቂያው አጠገብ ቢሆን ሣጥኑ ገና ሳይሞቅ «በቃ» ብሎ ያጠፋል። በአየር ቀዳዳው አጠገብ ቢሆን ሣጥኑ ሞቆ ሳለ «በረደኝ» እያለ አያርፍም። እኛ በመካከለኛው ግድግዳ ላይ፣ በዔሊው ጀርባ ከፍታ፣ አምፖሉ በቀጥታ በማያየው ጥግ አደረግነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው የመሣሪያው መበላሸት ነው። መገናኛው ተጣብቆ ቢቀርና ማሞቂያው ባይጠፋ ምን ይሆናል? ብርድ በሳምንታት የሚያደርሰውን ጉዳት ትኩሳት በአንድ ሰዓት ያደርሰዋል፤ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ የሚቆይ ዔሊ በሕይወት ለመትረፉ ዋስትና የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጋራ በተከታታይ የተያያዘ ሁለተኛ ቴርሞስታት በቆላው ጫፍ ተጨመረ። እርሱም 38 ዲግሪ ሲደርስ አምፖሉንም ማሞቂያውንም አንድ ላይ እንዲቈርጥ ነው። አንዱ ዘበኛ ቢያንቀላፋ ሌላው ይነቃል። የ220 ቮልቱን መሥመር የዘረጋልን ግን ባለሙያ ነው፤ ተማሪዎች ይህን በራሳቸው እንዳይሞክሩ አደራ እላለሁ። የመጠጫ ውሃውም ከማንኛውም ሽቦ እንዲርቅ በደጋው ጫፍ ተቀመጠ።

6ኛ/ ስለ መለካት

በእጅ ዳስሶ «ይሞቃል» ማለት አይበቃም። የእኛ እጅ ለ37 ዲግሪ ሰውነት የተሠራ ስለ ሆነ 25 ዲግሪው ይበርደዋል፤ ለዔሊው ግን ደኅና ነው። ሦስት ቴርሞሜትሮች በሦስቱ ሥፍራዎች አስቀምጠን፣ አስቀድመን ሁሉንም በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ነክረን 0 ማሳየታቸውን ተመለከትን። የላቦራቶሪውን ቴርሞሜትር በሚፈላ ውሃም ፈተንነው። በዚህ ጊዜ 92 ዲግሪ ሲያሳይ ተበላሽቷል ያሉ ጓደኞች ነበሩ። ዳሩ ግን መለኪያው እውነተኛ ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው።

ከዚያ በኋላ ሣጥኑን ባዶውን ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት አስኬድነው። ዔሊው በእነዚያ ሌሊቶች በአስተማሪያችን ቤት በምድጃ አጠገብ ባለ ክፍል ቆየ። ቁጥሩ እንዲህ ሆኖ ረጋ፤ በቀን በቆላው 35፣ በመካከሉ 28፣ በደጋው 24 ዲግሪ፤ በሌሊት በሁሉም ከ20 እስከ 22።

7ኛ/ መብራት ሲጠፋ

ይህ ሁሉ ዝግጅት በአንድ የኤሌክትሪክ መቋረጥ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ሙቅ ውሃ ነው። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 4.2 ኪሎ ጁል ሙቀት ይለቃል። ሁለት ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካኖች በ40 ዲግሪ ውሃ ተሞልተው እስከ 25 ዲግሪ ቢቀዘቅዙ 4.2 በ10፣ በ15 ሲባዛ 630 ኪሎ ጁል ይሰጣሉ። ሣጥኑ 32 ዋት የሚያጣ ከሆነ ይህ ለ5 ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃዋል። ውሃው መጀመሪያ ላይ ብዙ፣ በኋላ ጥቂት ስለሚሰጥ ጀሪካኖቹ በአሮጌ ጨርቅ ተጠቅልለው ይገባሉ፤ ሣጥኑም የአየር ቀዳዳው ሳይደፈን ብርድ ልብስ ይደረብለታል። በታኅሣሥ አንድ ሌሊት ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ መብራት በጠፋ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አባባ ውሃውን በከሰል አሙቀው አስገቡለት፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይም እንደ ገና ለወጡለት። ሲነጋ መካከለኛው መለኪያ 19 ዲግሪ ነበረ፤ ውጪው ግን 7።

ዔሊው ወደ ሣጥኑ በገባ በመጀመሪያው ቀን አምፖሉ ሥር ሄዶ እግሮቹን ዘርግቶ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ጎመን በላ። ከሳምንት በኋላ ጧት ቆላ፣ ቀትር ደጋ፣ ማታ ወይና ደጋ እያለ ሲመላለስ ማንም ያስተማረው አልነበረም። እኛ ያደረግነው መንገዱን መክፈት ብቻ ነው። ክብደቱንም በየሳምንቱ እየመዘንን መጨመሩን ካረጋገጥን በኋላ፣ በግንቦት ወር ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሰዎች አስረከብነው።

በመጨረሻ ለእኅቶቼና ለወንድሞቼ የማሳስበው አለ። በ1999 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 541 የአገራችንን የዱር እንስሳት ለመጠበቅ ወጥቷል፤ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳን መያዝም አይገባም። ይህን ጽሑፍ ያቀረብሁትም ዔሊ ፈልጋችሁ እንድታመጡ አይደለም። ለአንድ ዔሊ አንድ ሜትር ቆላ ለመሥራት ይህን ያህል ሒሳብ፣ ሽቦና የሌሊት ጥበቃ ከጠየቀ፣ እግዚአብሔር በነፃ የዘረጋለት ቆላ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አስቡት። በመንገድ ዳር የሚሸጥ ዔሊ ስታዩ አትግዙ፤ በጉዞ ላይ ስታገኙትም በነበረበት ተዉት። ችግር ላይ ወድቆ ወደ እጃችሁ የመጣ እንስሳ ቢኖር ግን ለሚመለከተው ክፍል እያስታወቃችሁ፣ እስከዚያው ድረስ ከምግቡ አስቀድማችሁ ሙቀቱን መርምሩ።